ሙታማ ኬዙን አላሸነፈችም፣ እባካችሁ አስተካክሉት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እትማችሁ ስለ ሴት ዲፕሎማቶች ያወጣችሁትን ጽሁፍ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፣ በርቱ ነው የምለው፣ እንደዚ አይነት ነገር የሚጽፍ ጋዜጣ ብዙ የለም። ግን ስለ ህንዷ ሲ.ቢ. ሙታማ ያሰፈራችኋት አራት መስመር ላይ ስደርስ ቆም አልኩ። በአራት መስመር ውስጥ ሁለት ስህተት አለ፣ አንዱ ትንሽ ነው፣ ሌላኛው ግን ታሪኩን ገልብጦታል። እኔ ዲፕሎማት አይደለሁም፣ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሰው ሀብት አስተዳደር ውስጥ ፋይል ሳገላብጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ የሹመት ደብዳቤ፣ የግዴታ ፎርም፣ የእድገት ቃለ ጉባኤ፣ ይሄ ነው የኔ ዓለም። የዚችን ሴትዮ ታሪክ የምወደውም ምናልባት ለዛ ይሆናል፣ ምክንያቱም የሷ ትግል ባብዛኛው ከወረቀት ጋር ነበር።

ትንሿን ላስቀድም። «የህንድ የመጀመሪያዋ ሴት አምባሳደር» ብላችኋታል። አይደለችም። ህንድ ነጻ በወጣችበት በ1947 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) አምባሳደር ሆና ሞስኮ የሄደችው ቪጃያ ላክሽሚ ፓንዲት ነች፣ የኔህሩ እህት፣ ከሞስኮ ዋሽንግተን በኋላም ለንደን የሰራች፣ በ1953 ደግሞ የተባበሩት መንግስታት ጠቅላላ ጉባኤን የመራች የመጀመሪያዋ ሴት። ግን ፓንዲት ፖለቲከኛ ነበረች፣ ወንድሟ በሚመራው መንግስት ተሹማ ነው የሄደችው። ሙታማ መጀመሪያ የተባለችው ተፈትና ገብታ፣ ከታች ካለው ወንበር ተነስታ፣ አገልግሎቷ እየተቆጠረ አምባሳደር ለመሆን የበቃች የመጀመሪያዋ ሴት ስለሆነች ነው። ምን ልዩነት አለው ትሉኝ ይሆናል፣ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ፓንዲት ሞስኮ ስትሄድ ባሏ የሞተባት የሶስት ሴቶች ልጆች እናት ነበረች፣ የቤተሰብ ኃላፊነት ስራሽን ያደናቅፋል ብሎ ወረቀት ያስፈረማት ሰው የለም። ያ ወረቀት የሚጠብቀው ከስር በፈተና የሚገቡትን ልጆች ነበር፣ ከላይ የመጣውን ማን ይነካዋል።

አሁን ወደ ሰውየዋ ልምጣ። ለነገሩ አንቱ ልላት ይገባ ነበር፣ አምባሳደር ናት፣ በእድሜም እናቴ ትሆናለች። ግን እኔ ሁሌ በዓይኔ የምትመጣብኝ የ24 ዓመት ልጅ ሆና ፈታኞች ፊት ስትቀመጥ ነው፣ ስለዚ አንቱታውን ትቼዋለሁ፣ ነፍሷ አትቀየመኝም ብዬ አስባለሁ።

ሙሉ ስሟ ቾኒራ ቤሊያፓ ሙታማ ነው። ቾኒራ የቤተሰቡ ወይ የዘሩ ስም ነው፣ ቤሊያፓ አባቷ ነው፣ የራሷ ስም መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፣ ከኛ አጠራር ጋር የተገላቢጦሽ ማለት ነው፣ ስለዚ «ወይዘሪት ቾኒራ» ብላችሁ የጻፋችሁት እሷን ሳይሆን ዘሯን በሙሉ መጥራት ነው (ይሄን ከስህተት አልቆጠርኩባችሁም)። የተወለደችው ጃንዋሪ 24 ቀን 1924 ቪራጅፔት የምትባል ከተማ ነው፣ ደቡብ ህንድ፣ ኮዳጉ። እንግሊዞቹ ኩርግ የሚሉት፣ ዛሬ ካርናታካ ስር ያለ፣ ተራራማ፣ ዝናብ የማያጣው፣ ቡናና ቁንዶ በርበሬ የሚበቅልበት አገር። ኮዳቫ የሚባሉት የአካባቢው ሰዎች በብዛት ወታደር በማውጣት ነው የሚታወቁት፣ የነጻዋ ህንድ ጦር የመጀመሪያው ህንዳዊ አዛዥ ካሪያፓ የዚያው ሰው ነው። አባቷ የደን ባለሙያ ነበር፣ ዘጠኝ ዓመቷ ላይ ሞተ። እናትየዋ አራት ልጆች ይዛ ቀረች፣ ሁሉንም ላስተምር ብላ ተነሳች፣ አስተማረችም። ሙታማ ማዲኬሪ ገዳም ትምህርት ቤት ተምራ ማድራስ ወረደች፣ የሴቶች ክርስቲያን ኮሌጅን በሜዳሊያ ጨረሰች፣ ፕሬዚደንሲ ኮሌጅ ደግሞ በእንግሊዝኛ ስነ ጽሁፍ ማስተርሷን ያዘች።

1948። ህንድ ነጻ ከወጣች አንድ ዓመቷ ነው፣ የውጭ ጉዳይ አገልግሎቱ ራሱ የተቋቋመው በ1946 ነው፣ ሁሉም ነገር አዲስ ነው፣ ወንበሩም ሰውየውም። ሙታማ ፈተናውን አለፈች። ከዛ የቃል ፈተና አለ፣ የመንግስት ሰራተኞችን የሚመለምለው ኮሚሽን ፊት ቀርበሽ የምትጠየቂው። እዛ ውስጥ ምን እንደተባለች እኔ ፈጥሬ አልነግራችሁም፣ እሷ ራሷ ከ30 ዓመት በኋላ ለፍርድ ቤት ባስገባችው አቤቱታ ላይ ስላለ ከዛ ነው የምወስደው፦ የኮሚሽኑ ሰብሳቢ ውጭ ጉዳይ ይቅርብሽ ብሎ ሊያግባባት ሞከረ፣ እምቢ አለች፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ሰውየው ራሱ ሰብሳቢነቱን ተጠቅሞ በቃል ፈተናው ዝቅተኛውን ማርክ እንዳሰጣት ነገራት። ራሱ ነገራት እኮ! ይሄ ነገር ለኔ ከሁሉም በላይ ይገርመኛል። ስንት ዓመት ፋይል ሳገላብጥ ሰው ማርክ ሲቆርጥ አይቻለሁ፣ ግን የሚቆርጥ ሰው ይደብቃል፣ ያፍራል፣ «ኮሚቴው ነው» ይላል። ይሄኛው ለራሷ ሲያወራላት ጥፋት ሰራሁ ብሎ አይመስልም፣ ምናልባትም ውለታ የዋለላት መስሎት ይሆናል። በዝቅተኛው ማርክም ግን ገባች። የጽሁፍ ውጤቷ ምን ያህል እንደነበር ከዚህ ገምቱት።

ከዛ ያ ወረቀት መጣ። ስትቀጠር ባገባ ስራዬን እለቃለሁ ብላ ግዴታ መፈረም ነበረባት። ፈረመች። በ1949 አገልግሎቱን ተቀላቀለች። ይሄ ደግሞ ውጭ ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ በ1951 የአስተዳደር አገልግሎቱን በመቀላቀል ከሴት የመጀመሪያዋ የሆነችው አና ራጃም የተሰጣት የሹመት ደብዳቤ ላይም ካገባሽ አገልግሎትሽ ይቋረጣል የሚል ነበረበት። ሹመትና ስንብት ባንድ ወረቀት! (እሷ ኋላ ደንቡ ሲቀየር አግብታ ስራዋን ቀጥላለች፣ ባሏም የህንድ ማዕከላዊ ባንክ ገዢ ሆኗል።)

ወረቀቱ ለይስሙላ የሚፈረም እንዳይመስላችሁ። ያው በ1949 ከሙታማ ጋር የገባች ራማ የምትባል ሴት ነበረች። የስራ ባልደረባዋን አገባች፣ ጃጋት ሜህታ የሚባል፣ እሱም ዲፕሎማት ነው። ሁለቱም ያንኑ ስራ ነው የሚሰሩት፣ ሁለቱም ባንድ ቀን ነው ያገቡት መቼስ፣ ለቃ የወጣችው ግን እሷ ናት። ባልየው ቀጠለ፣ ቀጠለ፣ ከ1976 እስከ 1979 የውጭ ጉዳይ ዋና ጸሐፊ ሆነ፣ ይሄ ህንድ ውስጥ ከሚኒስትሩ ቀጥሎ አንድ ባለሙያ ዲፕሎማት ሊደርስበት የሚችለው የመጨረሻው ወንበር ነው። ሰውየውን ልወቅስ አይደለም፣ ደንቡን እሱ አልጻፈውም። ራማ ሜህታም እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም፣ ሶሲዮሎጂስትና ደራሲ ሆና ስም አትርፋለች። ግን እኔ ጋር ቢሆን ሁለቱን ፋይል ጎን ለጎን አስቀምጬ ነው የማየው፣ ስራው ተመሳሳይ፣ የጋብቻ ቀን ተመሳሳይ፣ አንዱ ፋይል ይወፍራል፣ አንዱ ይዘጋል።

ሙታማ አላገባችም። እስከመጨረሻው። ለምን የሚለውን ማንም ሊመልስላት አይችልም፣ ሰው በብዙ ምክንያት አያገባም፣ ስለዚ «ለስራዋ ስትል ትዳርን መስዋዕት አደረገች» የምትለዋን መስመራችሁን እኔ ብሆን አወጣት ነበር። የምናውቀው ነገር ቢኖር ሌሎቹ ወንዶች ያልተጠየቁትን ተጠይቃ መፈረሟን ነው።

መጀመሪያ የተመደበችው ፓሪስ ነው። ከዛ ራንጉን፣ ለንደን፣ ዴልሂ ደግሞ የፓኪስታንና የአሜሪካ ዴስክ ላይ ሰርታለች። የፓኪስታን ዴስክ ማለት ለህንድ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት፣ ለዛ ስራ ሰው የሚመደበው ክፍት ቦታ ለመሙላት አይደለም።

እሷ እንዲህ እየሰራች እያለ በ1961 ደንቡ በደንብ ተጻፈ። ልብ በሉ፣ የህንድ ህገ መንግስት ስራ ላይ የዋለው ጃንዋሪ 26 ቀን 1950 ነው፣ አንቀጽ 14 በህግ ፊት እኩልነት፣ አንቀጽ 15 በጾታ መድልዎ የለም፣ አንቀጽ 16 በመንግስት ስራ እኩል እድል፣ ሁሉም ተጽፏል። ከዛ 11 ዓመት ቆይቶ ቁጭ ብለው ይሄን ጻፉ። ደንብ 8(2)፣ በኔ አማርኛ፣ ሴት የአገልግሎቱ አባል ከማግባቷ በፊት የመንግስትን የጽሁፍ ፈቃድ ማግኘት አለባት፣ ከጋብቻ በኋላም በማንኛውም ጊዜ የቤተሰብና የቤት ውስጥ ኃላፊነቷ ስራዋን በአግባቡ እንዳትሰራ ሊያደናቅፋት ይችላል ብሎ መንግስት ካመነ ስራዋን እንድትለቅ ሊጠይቃት ይችላል። ደንብ 18(4) ደግሞ ያገባች ሴት አገልግሎቱ ውስጥ ለመመደብ መብት የላትም ይላል።

እስቲ እንደኛ አይነት ሰው ያንብበው፣ የደንብ አንባቢ። «በማንኛውም ጊዜ» የሚለውን እዩት፣ ገደብ የለውም፣ ዛሬ ፈቅደውልሽ አግብተሽ ከ15 ዓመት በኋላ ሊመጡ ይችላሉ። «ሊያደናቅፋት ይችላል» እዩት፣ አደናቀፈ አይደለም፣ ይችላል፣ ምንም ያጠፋሽው ነገር አያስፈልግም። «መንግስት ካመነ» እዩት፣ ማስረጃ አልተባለም፣ እምነት ብቻ። በኔ ስራ ጥሩ ደንብ የሚባለው ሰራተኛው ምን ቢያደርግ ምን እንደሚደርስበት አስቀድሞ የሚያውቅበት ነው። ይሄኛው ምንም ብታደርጊ ምን እንደሚደርስብሽ አታውቂም የሚል ደንብ ነው። የሚያስቀው ደግሞ ይሄ ሁሉ ሲሆን ከ1966 ጀምሮ አገሪቱን የምትመራው ኢንድራ ጋንዲ ናት፣ የሁለት ልጆች እናት። አገር ስትመራ ያላደናቀፋት ቤት ዴስክ ላይ የተቀመጠችውን ያደናቅፋል ማለት ነው።

በ1970 ሙታማ ሀንጋሪ አምባሳደር ሆና ተሾመች። ቡዳፔስት። ከአገልግሎቱ ከውስጥ ወጥታ ለዛ የበቃች የመጀመሪያዋ። ከዛ ጋና፣ አክራ። ከዛ ኔዘርላንድስ፣ ሄግ።

እዚህ ጋ ነው ሁለተኛው ስህተታችሁ የሚመጣው። «እድገት ስትከለከል መንግስትን ከሳ አሸነፈች» ብላችኋል። እንዲህ ነው የሆነው። ከፍተኛው ደረጃ አለ፣ የውጭ ጉዳይ አገልግሎት ደረጃ አንድ የሚባል። ተራዋ ሲደርስ ለዛ ብቁ አይደለችም ተብላ ታለፈች፣ ከሷ በታች የነበሩ አለፏት። በ1979 በቀጥታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አቤት አለች፣ የህንድ ህገ መንግስት መሰረታዊ መብቴ ተነካ የሚል ሰው በአንቀጽ 32 ቀጥታ እዛ እንዲሄድ ይፈቅዳል። አቤቱታዋ ላይ እድገቱን ብቻ አላነሳችም፣ ከላይ የጠቀስኩትን የሰብሳቢውን ማርክ፣ የተፈረመውን ግዴታ፣ ሁለቱን ደንቦች፣ እድገት የሚሰጡት ሰዎች ለሴት በጠቅላላው ያላቸውን ጥላቻ፣ ሁሉንም ደርድራ አስገባች። አስቡት እንግዲህ፣ ይሄን ስታደርግ ስራ ላይ ናት፣ አምባሳደር ናት፣ የምትከሰው የምትወክለውን መንግስት ነው። ጠዋት የህንድን መንግስት ወክላ ሰው ታነጋግራለች፣ ዴልሂ ደግሞ በስሟ የህንድ መንግስት ላይ የተከፈተ ፋይል አለ። ይሄን የሚያደርግ ሰው ብዙ አላየሁም፣ ብዙው ሰው ጡረታው እስኪወጣ ጠብቆ ነው የሚናገረው (እኔን ጨምሮ)።

መንግስት ምን አደረገ መሰላችሁ። ኬዙ ሳያልቅ እድገቷን ሰጣት! ጠበቃው ሶሊ ሶራብጂ፣ የመንግስት ከፍተኛ ጠበቃ፣ ፍርድ ቤት ቀርቦ አሁን አድጋለች፣ ሄግ ላይ አምባሳደር ናት፣ 18(4) የሚባለውም በ1973 ተሰርዟል፣ 8(2)ም ሊሰረዝ መንገድ ላይ ነው አለ። እኛ ቤት ይሄ ይታወቃል፣ የሚከራከሩበትን ነገር ከስር ስቦ ማውጣት፣ ያቺ ሴትዮ ምን ጎደለብኝ ብላ ትከራከራለች? እናም ሴፕቴምበር 17 ቀን 1979 ፍርድ ቤቱ አቤቱታዋን ውድቅ አደረገው። አዎ፣ ውድቅ። አላሸነፈችም። ፋይሉ ላይ የተጻፈው ያ ነው።

ግን ፍርዱን የጻፈው ሰው ቪ.አር. ክሪሽና አየር ነበር። ይሄን ሰውዬ ለማያውቀው፣ ከኬራላ ነው፣ በ1957 እዛ በምርጫ ስልጣን በያዘው የኮሚኒስት መንግስት ውስጥ ሚኒስትር የነበረ፣ ከዛ ዳኛ የሆነ፣ በ1975 የኢንድራ ጋንዲን ምርጫ የሰረዘውን ፍርድ በከፊል ብቻ አግዶላት በማግስቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀበት። እንግሊዝኛው ከባድ ነው፣ ዲክሽነሪ ይዘህ ነው የምታነበው፣ አንዳንዴ ለፍርድ ሳይሆን ለመድረክ የጻፈ ይመስላል፣ እውነቱን ለመናገር ያደክመኛል። የሙታማ ፍርድ ላይ ግን አላደከመኝም። ውድቅ ከማድረጉ በፊት ደንቦቹን አንድ በአንድ አውጥቶ ህዝብ ፊት አነበባቸው። የሴትየዋ የቤት ኃላፊነት ስራዋን ሊያደናቅፍ የሚችል ከሆነ በወንዱም ላይ ያው ነገር ሊደርስ ይችላል አለ፣ ሴቷ ስታገባ መንግስት ስጋት ካለበት ወንዱም ሲያገባ ያው ስጋት አለ አለ። የህንድ ግማሽ የሆኑት ሴቶች ላይ ህገ መንግስቱ እንዲህ መረሳቱ በመጽሐፉ ውስጥ ባለው ህገ መንግስትና በተግባር ባለው ህግ መካከል ያለውን ርቀት ያሳያል አለ። ከዛ መጨረሻ ላይ ያቺ አረፍተ ነገር፦ «አቤቱታውን ውድቅ አድርገናል፣ ችግሩን ግን አላደረግንም።»

ይቺን አረፍተ ነገር ስንቴ እንዳነበብኳት። ውሳኔ ላይ እንደዚ አይጻፍም። ውሳኔ ይዘጋል፣ ስራው መዝጋት ነው። ይሄኛው ግማሹን ዘግቶ ግማሹን በሩን ገርበብ አድርጎ ትቶታል፣ በገርበቡ በኩል ደግሞ ለመንግስት ትዕዛዝ አለ፣ የአገልግሎት ደንቦቹን በሙሉ ፈትሹ፣ የመድልዎ እድፉን ሁሉ አውጡ፣ ክስ እስኪመጣባችሁ አትጠብቁ የሚል።

ማንም የማያነሳው አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ለኔ አይነቱ ግን ዋናው እሱ ነው፣ ሲኒየሪቲ፣ የቀዳሚነት ተራ ማለት ነው። ብቁ አይደለሽም በተባለችበትና ብቁ ነሽ በተባለችበት መካከል ያለው ጊዜ ጥቂት ወራት ብቻ ነበር። በጥቂት ወር ውስጥ ሰው ምን ይማራል? በዛች ክፍተት ግን ሌሎች ቀድመዋት አድገዋል፣ በዛ ስራ ደግሞ ካንተ በአንድ ቀን የቀደመ ሰው እስከ ጡረታ ድረስ ይቀድምሃል፣ ምደባ ሲመጣ ስሙ ከላይ ነው፣ ትልቁ ወንበር ክፍት ሲሆን መጀመሪያ የሚጠራው እሱ ነው። ስለዚ እድገቱን ዘግይቶ መስጠት በግማሽ መከልከል ነው። ፍርድ ቤቱ ይሄ ገብቶታል፣ ሲኒየሪቲዋን እንደገና እዩላት ብሎ አዟል። ጋዜጦች ግን ታዋቂ የሆነውን ጥቅስ ይወስዳሉ እንጂ ይቺን አይወስዷትም።

ፍርዱ እንከን የለበትም እያልኩ አይደለም። እዛው ውስጥ ክሪሽና አየር ወንድና ሴት በሁሉም ስራ በሁሉም ሁኔታ እኩል ናቸው ብለን በጅምላ አንደመድምም፣ የስራው ጠባይ የግድ የሚልበት ቦታ ሊኖር ይችላል የሚል አንቀጽ አለው። ልዩነቱ የሚታይ መሆኑ መረጋገጥ አለበት ብሏል፣ ያም ሆኖ ግን ያቺ ቀዳዳ አልተመቸችኝም። ሁለት ዓመት ቆይቶ በ1981 የኤር ኢንዲያ ሆስተሶች ኬዝ ሲመጣ ያው ጠቅላይ ፍርድ ቤት በመጀመሪያ እርግዝና ከስራ መባረርን ሰረዘው፣ ተቀጥረው አራት ዓመት ሳይሞላቸው ካገቡ መባረርን ግን ተገቢ ነው ብሎ አስቀረው። ከሙታማ በኋላ ማለት ነው። ስለዚ አንድ ፍርድ ወጣ ብሎ ሁሉ ነገር በማግስቱ ተቀየረ የሚለው አጻጻፍ ትክክል አይደለም፣ እንደዛም አልሆነም።

እሷስ? እሷማ ስራዋን ቀጠለች። በዛው ሰሞን የስዊድኑ ኦሎፍ ፓልመ ስለ ጦር መሳሪያ ቅነሳና ስለ ጸጥታ የሚመክር ገለልተኛ ኮሚሽን በ1980 ሲያቋቁም ከህንድ አባል የሆነችው ሙታማ ናት። አብረዋት የነበሩትን ስም ብታዩ፣ የአሜሪካው ሳይረስ ቫንስ፣ የሶቪየቱ ጆርጂ አርባቶቭ፣ የጀርመኑ ኢጎን ባር፣ የኖርዌይዋ ብሩንትላንድ፣ የናይጄሪያው ኦባሳንጆ፣ የታንዛኒያው ሳሊም አህመድ ሳሊም። አብዛኛው ወይ ሚኒስትር የነበረ ወይ አገር የመራ ነው። ብቁ አይደለችም የተባለችው ሴትዮ እዛ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣለች። ሪፖርታቸው በ1982 ወጣ፣ ሃሳቡ በአጭሩ በኑክሌር ዘመን አንዱ ሌላውን አስፈርቶ ጸጥታ አያገኝም፣ ጸጥታ የጋራ ካልሆነ የለም የሚል ነበር። በዛው ዓመት 1982 ከአገልግሎት ወጣች፣ ከ30 ዓመት በላይ ሰርታ።

ጡረታ ላይም ዝም አላለችም፣ ስለ ሲቪል ሰርቪሱ እንዴት እንደበሰበሰ ትጽፍ ነበር፣ ጽሁፎቿም በመጽሐፍ ወጥተዋል። ደግሞ የሚገርማችሁ የኮዳጉን ምግብ አሰራር የሚያስተምር መጽሐፍ ጽፋለች። ያቺ የቤት ውስጥ ኃላፊነት ስራዋን ያደናቅፋል የተባለላት ሴትዮ ወጥ ቤቱን ሲያሰኛት በራሷ ጊዜ ገባችበት። ዴልሂ የነበራትን መሬት ደግሞ ለእማሆይ ቴሬዛ የህጻናት ማሳደጊያ ሰጠች።

ኦክቶበር 14 ቀን 2009 ባንጋሎር ውስጥ በ85 ዓመቷ አረፈች። በዛው ዓመት ኦገስት 1 ቀን ኒሩፓማ ራኦ የህንድ ውጭ ጉዳይ ዋና ጸሐፊ ሆና ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ነበር፣ ያ ጃጋት ሜህታ የተቀመጠበት ወንበር። ከሷ በፊት በ2001 ቾኪላ አየር ተቀምጣበታለች፣ ስለዚ ራኦ ሁለተኛዋ ሴት ናት። ሁለቱም ባለትዳር ናቸው፣ የራኦ ባል ራሱ ከፍተኛ የመንግስት ሰራተኛ ነበር፣ ሁለት ወንዶች ልጆች አሏቸው። ሙታማ ያንን ለማየት ሁለት ወር ከምናምን ደርሳለች።

ስለዚ እርማት ስታወጡ እባካችሁ እንዲህ አድርጋችሁ ጻፉት፦ ከአገልግሎቱ ውስጥ ለአምባሳደርነት የበቃች የመጀመሪያዋ ህንዳዊት፣ በ1979 ያቀረበችው አቤቱታ ውድቅ ተደርጓል። «ውድቅ» የምትለዋን ቃል አታውጧት። የፍርዱንም የመጨረሻ አረፍተ ነገር ቦታ ካላችሁ ከስሯ አስገቧት፣ ቦታ ከሌላችሁ ደግሞ ፎቶውን አሳንሱት፣ ለነገሩ ያወጣችሁት ፎቶ የሙታማ ሳይሆን የፓንዲት ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ጡረተኛ አንባቢያችሁ